የግንቡ ሰው ፊት

«ተጣሟል እንዴ?» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም። ወንበር ላይ ቆሞ ትርፍ ሚስማር በከንፈሩ ስለያዘ ቃሉ ተኮላትፎ ነው የወጣው።

«ወደ መስኮቱ ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ጋሼ» አለች ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ፣ ከታች ሆና አንድ ዓይኗን ጨፍና እየለካች። «አዎ፣ እንደሱ። ኧረ እንዴት ያለ መልከ መልካም ነበር እናንተ!»

ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች ቀና ብለው ፎቶውን አዩ። አንዲት ሴትዮ ወዲያው ደረቷን ይዛ ታለቅስ ጀመር። ሟቹ በሕይወት ሳለ መንገድ ላይ ሲመጣ ባየችው ቁጥር ወደ ማዶ ትሻገር የነበረች ሴትዮ ናት።

ሚስቱ ግን አላለቀሰችም። ሰፈሩ ትኬት ቆራጯ ነው የሚላት፤ ገና በልጅነቷ ጀምራ እስካሁን ሲኒማ ቤት መስኮት ላይ ትኬት ስለምትሸጥ። ሶፋው ጥግ ላይ ጥቁር ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ ተቀምጣ፣ እሷም እንደ ሌላው ሰው ፎቶውን አየችው። ገና አፍላ ወጣት ነው። ጸጉሩን ወደ ጎን አበጥሮ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሊስቅ ሲል ፎቶ አንሺው የቀደመው ይመስላል። ጉንጩ ለስላሳ፣ አፍንጫው ቀጥ ያለ። ደስ የሚል ልጅ ነው። ከዚህ ልጅ ጋር ግን አንድ ቀን አብራ አልዋለችም፣ አንድ ቃል አልተለዋወጠችም። የእሷ ባል የመጣው ከዚህ ልጅ በኋላ ነው፤ የሚሠራበት ዳቦ ቤት ምድጃው ፈንድቶ ፊቱን ከበላው በኋላ።

«እንዴት ነው?» አላት ወንድምየው ከወንበሩ እየወረደ። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ሲጠይቅም መልሱን ቀድሞ የሚያውቅ ይመስላል። «ሰው ሲመጣ የሚያየው ነገር ይኑር ብዬ ነው።»

«ደህና ነው፣ ጋሼ» አለች።

ልትከራከረው አቅም አልነበራትም። ክረምት ከበጋ አስታማለች። ዱቄት ሲስብ የኖረ ሳምባ ሲደክም ምን እንደሚመስል፣ ትራስ እንዴት እንደሚደራረብ፣ ሰው ተቀምጦ እንዴት እንደሚተኛ ተምራለች። አሁን ድካሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሰው ሲመጣ ትነሳለች፣ ይስሟታል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል፣ ትቀመጣለች፤ ሌላ ሰው ይመጣል፣ ደግሞ ትነሳለች። ዕንባዋ የት እንደሄደ እሷም አታውቅም።

የቡና ሲኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ስትሄድ ሁለት ሴቶች በሩ ሥር አፍ ለአፍ ገጥመው ያወሩ ነበር።

«አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣትም እኮ።»

«ምን ታልቅስ፣ ተገላገለች እንጂ! እንዲያ ያለ ፊት አጠገብሽ ተኝቶ ማንጋት ቀላል መሰለሽ?»

ሲያይዋት ክው አሉ። አንደኛዋ ሲኒዎቹን ከእጇ ለመቀበል ተሽቀዳደመች። ትኬት ቆራጯም ሰጠቻት። መቀየም ራሱ ጉልበት ይፈልጋል።

እሷ የባሏን ፊት ከማየቷ በፊት መጀመሪያ ያወቀችው ሻርፑን ነበር።

ያኔ ሲኒማ ቤቱ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ፊልም ብቻ ያሳያል። ባለሲኒማው «በዝናብ ጊዜ አዲስ ፊልም ማምጣት ኪሳራ ነው፤ ሰዉ እንደሆነ ቤቱ ይቀራል» ይሉና የራሳቸው የሆነውን አሮጌ ፊልም ከዕቃ ቤት ያወጡታል። «የግንቡ ሰው» ይባላል። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ገና ሲጀምር መጋረጃው ላይ ዝናብ የሚዘንብ ይመስላል። ረግረግ ዳር አንድ ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ። የጥንቱ ጌታ አገልጋዩን ከነነፍሱ ግድግዳ ውስጥ አስገንብቶታል። ስንት ዘመን ቆይቶ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ ሰውየው ይወጣል። ፊቱ ኖራና ድንጋይ ሆኗል። ማንንም አይገድልም። ቤቱ ውስጥ እየዞረ የጠፉ መብራቶችን ይለኩሳል፤ እዚያ የምትኖረውን ልጅ ከጀርባዋ ሆኖ ያያታል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ዞር ትላለች፣ ታየዋለች፣ ትጮኻለች። እሱም ወደ ግንቡ ተመልሶ ስንጥቁን ከውስጥ በገዛ እጁ ይደፍነዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰዉ ግን ቤቱ አይቀርም። ዝናቡን ጥሶ፣ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ ይመጣል። አምና ያየው ዘንድሮም ይመጣል። ከእነሱ መካከል እስከ ዓይኑ ድረስ በሻርፕ የተጠቀለለ፣ ትኩስ ዳቦ የሚሸት አንድ ሰው ነበር። መብራት ከጠፋ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሳንቲሙን በመስኮቷ ያሾልክና «ከኋላ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ፊልሙ በሚታይበት ቀን ሁሉ ይመጣል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አላስችል አላት። «ወንድሜ፣ ትናንት አላዩትም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ሌላ የሚሆን መስሎዎት ነው?»

ለቀልድ ነበር ያለችው። ሰውየው ግን ትኬቱን ይዞ ጥቂት ቆመ።

«አዎ» አለ። «መስሎኝ ነው።»

ለሥራ ባልደረቦቿ ነግራ አሳቀቻቸው። ቤቷ ገብታ ስታስበው ግን ሳቁ አልመጣላትም።

ሰፈሩ ያኔውኑ «ግንቡ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። እሱም አልጠላውም፤ እንዲያውም ኋላ፣ በሠርጋቸው ቀን፣ ፎቶ አንሺውን «ሙሽራዋን ለብቻዋ አንሳት፤ እኔን ከፈለግክ ያንን ግድግዳ ብታነሳው ያው ነው» ብሎ በሳቅ ሸኝቶታል። ለዚህ ነው የእሱ ፎቶ የሌላት።

ባለሲኒማው ለቅሶ የደረሱት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። አርጅተዋል፤ ምርኩዛቸውን ቀድመው አስገቡና እሳቸው ኋላ ገቡ። ትኬት ቆራጯ ተነስታ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። ፎቶውን ቀና ብለው አዩ። የቀረበላቸውን ቡና አንድ ጊዜ ፉት ብለው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ በዚህ ሳምንት ፊልሙን ማሳየት እንጀምራለን ብለን ለጥፈን ነበር። ለእሱ ክብር ዘንድሮ ይቅር ብዬ አስቤያለሁ።»

«ኧረ አባባ፣ አይቅር!» አለች። ከቀብሩ ወዲህ ድምፅዋ ሲያይል ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ቢሰማ አጥንቱ ይወቅስዎታል።»

አዛውንቱ አንገታቸውን ነቀነቁ። «የዛሬ ልጆች ፊልም ሁሉ ስልካቸው ላይ አለላቸው። ተኝተው ያዩታል። ግን አምናም ሰልፉ እስከ መድኃኒት ቤቱ ደርሶ ነበር። ምን ፈልገው ነው የሚመጡት? እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ አሳየሁት እንጂ አልገባኝም። ባልሽን አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር።»

«ምን አለዎት?»

«"ለመፍራት አይደለም የሚመጡት፤ ልጅቷ ዘንድሮ አትጮህ ይሆናል ብለው ነው" አለኝ። ሳቅኩበት። ከዚያ ወዲህ ግን ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ ልጅቷ ልትዞር ስትል ከአዳራሹ አንድ ሰው አይጠፋም፣ "አትጩሂ!" የሚል። ሁልጊዜ። ሰውየው ይለያያል እንጂ ድምፁ አይቀርም።»

ትኬት ቆራጯ ሲኒያቸውን ከፊታቸው አነሳች፤ ቡናው ቀዝቅዟል። ጓዳ ወስዳ ልትቀይርላቸው ነበር፤ ግን በእጇ እንደያዘችው ቁጭ ብላ ቀረች።

ያኔ ግንቡን የሲኒማው በር ላይ የማቆሙን ነገር የጀመሩት እኚሁ ሰው ናቸው። ያን ክረምት ገበያው ቀዝቀዝ ብሎባቸው፣ ዳቦ ቤት ሄደው ሊጥ ሲያቦካ አገኙትና ያለምንም ዙሪያ ጥምጥም «ጥቁር ካፖርት ልስጥህና በር ላይ ቁምልኝ» አሉት። ትኬት ቆራጯ ስትሰማ አበደች። እሳቸውን፣ አለቃዋን፣ «ሰው እንስሳ ነው እንዴ ለትርኢት የሚቆም? እሱ ከቆመ እኔ ነገ የለሁም» አለቻቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነበር።

በማግስቱ ግን ሰውየው ራሱ መስኮቷ ላይ መጣ። ቀን ነው፤ አዳራሹ አልተከፈተም።

«ተቆጣሽልኝ አሉ» አለ።

«እንዴት አልቆጣ!»

«እንግዲህ በነጻ ሲሸሹኝ ከርመዋል። እስቲ ደግሞ ከፍለው ይሽሹኝ።»

ይህን ብሎ ሻርፑን ፈታው። ቀስ ብሎ፣ እንደ ቁስል ጨርቅ፣ ዙር በዙር። የትኬት ጥቅሏ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተተረተረ። አልጮኸችም፤ አልደነገጥኩም ብላም አልዋሸችም።

«ደነገጥሽ» አላት።

«ደነገጥኩ።»

«ደግ ነው። ነገ ደግሞ ትንሽ ትደነግጪያለሽ።»

እውነቱን ነበር። በማግስቱ ትንሽ ደነገጠች። በሳምንቱ «ካፖርቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶሃል፣ አውልቀውና ላጥብብልህ» ትለው ነበር።

በር ላይ የሆነው ግን ማንም ያልጠበቀው ነው። ሰዉ አልሸሸም። ቀለም የተቀባ መሰላቸው! «ምን ቢቀቡት ነው እናንተ! ይሄ ነው ሥራ ማለት!» እያሉ እየተጋፉ ያዩታል። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ የተጨማደደ አንገቱን። ምድጃው ከፈነዳ ወዲህ ሰው ፊቱን እንዲህ አተኩሮ አይቶት አያውቅም። እሱም ቆሞ ታየላቸው። አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ እጅ አምልጣ «ዝቅ በልልኝ» አለችው። ዝቅ ሲልላት ጉንጩን በጣቷ ፈተግ ፈተግ አድርጋ ጣቷን አየችው።

«እማዬ፣ አይለቅም እኮ!»

«ጥሩ ቀለም ነው» አላት እሱ። «ዝናብም አያስለቅቀውም።»

እናትየዋ ያኔ ገባት። ልጇን ጎትታ ልትሄድ ብላ ነበር፤ ተወችውና «ይቅርታ ወንድሜ» ብላ እጇን ዘረጋችለት። ትኬት ቆራጯ ይህን ሁሉ በመስኮቷ ትመለከት ነበር። ይህን ሰው እንደምታገባው ያወቀችውም ያኔ ነው፤ የለበሰው ካፖርት ግን አሁንም አልጠበበም ነበር።

ወንድምየው ወሬውን በሰማ ጊዜ ከሥራው በቀጥታ መጣ። የሲኒማው በር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ «አባታችንን ከመቃብር አወጣኸው! አዋረድከን!» አለው። ግንቡ ወንድሙን ገና ከሩቅ እንዳየው ሻርፑን ከኪሱ አውጥቶ እስከ ዓይኑ ተጠቅልሎ ነበር። ወንድምየው ለሻርፑ ተናግሮ፣ ለሻርፑ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ሠርጋቸው ላይ አልመጣም። ኋላ ኋላ እየበረደለት ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ይጠይቃቸው ጀመር። የእሱን ድምፅ በር ላይ በሰማ ቁጥር ግንቡ ይነሳና ከማንጠልጠያው ሻርፑን ያወርዳል። ያሳለፉት ምሳ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ አንዱ ያጎርሳል፣ ሌላው ሻርፑን በትንሹ ገለጥ አድርጎ ይጎርሳል።

የለቅሶው ቤት ሰው እየሳሳ በሄደበት ቀን የዳቦ ቤቱ ሰዎች በአንድነት መጡ፤ ዱቄት ከቅንድባቸው አልረገፈም። ወሬ ሲጠፋ አንዱ «ግንቡ ያቦካው ሊጥ እኮ ራሱ ተነስቶ ምድጃ ሊገባ ይደርሳል» አለና ጥቂት ሰው ፈገግ አለ። ወንድምየው «ግንቡ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ተከሰከሰ።

በዚህ መካከል አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ታየች። ጥቁር ለብሳለች፣ ልጅ አቅፋለች። አንድ እግሯን አስገብታ ፎቶውን አየችና ቆመች። ዙሪያውን ሰዉን ቃኘች፣ እንደገና ፎቶውን አየች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቤት ተሳስቻለሁ መሰለኝ። የሲኒማ በሩን ሰውዬ ለቅሶ ነበር የፈለግኩት። ግንቡን። እዚህ አካባቢ ነው ብለውኝ...»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«አልተሳሳትሽም፣ እህቴ» አለች ትኬት ቆራጯ እየተነሳች። «ግቢ።»

«ታዲያ ይሄ...» አለች ወጣቷ ወደ ግድግዳው። ሳትጨርሰው ገባትና ደነገጠች። «ልጅ ሳለሁ ጉንጩን ነክቼዋለሁ። ቀለም መስሎኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ፊልሙን ባየሁ ቁጥር በሩ ላይ ሰላም እለው ነበር፤ "ለቀቀ ወይ?" እለዋለሁ፣ "ገና ነው" ይለኛል። ዘንድሮ ልጄን ላሳየው ብዬ...» ልቅሶ አቋረጣት። ማንም ሳያስለቅሳት፣ ደረቷንም ሳትይዝ፣ ዕንባዋ ዝም ብሎ ወረደላት።

ወንድምየው ከመቀመጫው ተነስቶ በጓዳው በኩል ወጣ። ትኬት ቆራጯ ወጣቷን አስቀምጣ፣ ሕፃኑን ለልብስ ሰፊዋ አሳቅፋ ተከተለችው። ከጓዳው ጀርባ ያለችው ጠባብ በረንዳ ላይ ቆሞ የልብስ ማስጫውን ገመድ በእጁ ይዞ ነበር። ወደ እሷ አልዞረም።

«ላውርደው?» አላት። «ፎቶውን።»

«ለምን ያወርዱታል፣ ጋሼ? እሱም ልጅ ነበረ። ይቀመጥ።»

«ቤት ተሳሳትኩ አለች እኮ!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «የገዛ ወንድሜ ለቅሶ ላይ ሰው ቤት ተሳሳትኩ አለ። እሷ መንገደኛዋ ታውቀዋለች፣ ሕፃን ሆና ነክታዋለች። እኔ አላውቀውም።»

ትኬት ቆራጯ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሐኪም ቤት ፋሻውን ሲፈቱለት ነበርኩ» አለ ወንድምየው። «ገና ሲፈቱት ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ስመለስ ፊቱን በአንሶላ ሸፍኖ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞት ድረስ አላሳየኝም። ለሲኒማ ሰው ሁሉ አሳየ፣ ለእኔ ነሳኝ። ቂም ይዞብኛል ብዬ ነው የኖርኩት። በሩ ላይ የጮህኩበትም እኮ... ለእኔ የነሳኝን ለመንገደኛ ሲሰጥ ሰምቼ ነው።»

«ቂም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አንድ ቀን ጠይቄው ነበር፤ እርስዎ መጥተው ከሄዱ በኋላ። "ወንድምህ እኮ ነው፣ ለምን ትሸፍናለህ?" አልኩት። "ሌላው ሰው እኔን ሲያይ ይደነግጥና ያልፈዋል። ወንድሜ ግን ሲያየኝ ያመዋል፤ ለምን ላሳምመው" አለኝ።»

ወንድምየው ገመዱን ለቀቀ። ከውስጥ የዳቦ ቤቱ ሰዎች ሊሄዱ እየተሰናበቱ ኖሮ ወንበር ሲንፏቀቅ ይሰማል።

«እኔ ደግሞ ግለጥ ብዬ አልለመንኩትም» አለ በመጨረሻ። ከዚያም ዞሮ አያት፤ ሲጠይቅ መልሱን የሚያውቅ ሰው መምሰሉ ቀርቶ ነበር። «ምን ይመስል ነበር?»

ትኬት ቆራጯ አፏን ከፈተች። ቃል ፈለገች። ጠባሳው እንዲህ ነው፣ ቆዳው እንዲያ ነው ልትል ብላ፣ የምትለው ሁሉ ጓዳ በር ላይ የሚንሾካሾኩት ሴቶች ወሬ መሰለባትና ተወችው። ወንድምየውን ትክ ብላ አየችው። የግንባሩ አጥንት ያው ነው። የአገጩም። እስካሁን ልብ ብላው አታውቅም።

«እስቲ ዝቅ ይበሉልኝ፣ ጋሼ» አለች።

ዝቅ አለላት።

ቀኝ እጇን አንስታ ጣቷን ከግራ ቅንድቡ በላይ አሳረፈች። ጠዋት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት፣ ቆዳው ደርቆ እንዳይሰነጠቅበት ለዓመታት ቅባት የቀባችበት መንገድ ነው፤ እጇ ሳታስበው ያውቀዋል።

«ከዚህ ይጀምራል» አለች። «ቅንድብ የለም። ዓይኑ እዚህ ጋ ወደ ታች ሳብ ያለ ነው፤ ሲስቅ ይሄኛው ብቻ ነው የሚጨፈነው።» ጣቷ በጉንጩ ላይ ወረደ፤ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ ይዞራል፣ ይቆማል፣ የሆነ ነገር እንደሚዘል ከፍ ብሎ ያልፋል። «እዚህ ለስላሳ ነው፤ እንደ ሕፃን። እዚህ ደግሞ ወፍራም ነው፣ ብርድ ሲሆን ያሳክከዋል። እዚህ ከንፈሩ ተሸብሽቧል፤ ለዚህ ነው "ፐ" ማለት የማይችለው፤ ፖስታ ቤት ሲል እንስቅበት ነበር...»

ወንድምየው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዕንባው በጣቷ ሥር ወረደና መንገዷን አረጠበው። የእሷም መውረድ የጀመረው መቼ እንደሆነ አላወቀችውም። አልጠረገችውም፤ አንድ እጇ አገጩ ሥር ደግፎታል፣ ሌላኛው ገና አልጨረሰም። የአንገቱን ኮሌታ በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገችና ወደ ጆሮው ሥር ተሻገረች።

«እዚህ ጋ ደግሞ» አለች፣ «እሳቱ ያልደረሰበት ትንሽ ቦታ አለ።»

ጣቷን እዚያ አሳርፋ ቆየች።